በእግር የሚያሸንፉበት ጦርነት፦ ባትል ፎር ዌስኖት

የጦርነት ጌም ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ተኩሱን ነው። ፍንዳታውን፣ ጩኸቱን፣ የሚወድቀውን። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ማን ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? በየትኛው መንገድ? ሲመሽበት ምን ላይ ቆሞ ያድራል? ይህን ጥያቄ ከምር የያዘ ጌም ብዙ የለም። ባትል ፎር ዌስኖት ይዞታል። ካየኋቸው ተራ በተራ የሚካሄዱ የጦር ስልት ጌሞች ውስጥ ጦር ማንቀሳቀስን እንደዚህ ያከበረ አላገኘሁም።

ሥራዬ ስምሪት ነው። እዚህ ድሬዳዋ የጭነት መኪና እመድባለሁ። የትኛው ተሳቢ ወደ ደወሌ ይወርዳል፣ የትኛው አይሱዙ ወደ ሐረርና ጅጅጋ ይወጣል፣ የቱ ሹፌር አድሮ ይነሳል፣ የቱ አሁኑኑ ይሂድ፤ ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ጌሙንም የማየው በዚሁ ዓይን ነው። ስለ ሥዕሉና ስለ ሙዚቃው ሌላ ሰው ይጻፍ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ አለቀ። እኔ ስለ እንቅስቃሴው ልንገራችሁ።

ለማታውቁት ባጭሩ። ጌሙ ነጻ ነው፣ ሳንቲም አይጠይቅም። ዴቪድ ዋይት የተባለ ሰው በ2003 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አወጣው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች እየጨመሩበት እዚህ ደርሷል። ኮዱ ክፍት ነው። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊነክስ ላይ ይሠራል። ማውረጃው ጥቂት መቶ ሜጋ ባይት ነው። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት ሳያስፈልጋችሁ ትጫወታላችሁ። ኮምፒውተሩም አዲስ መሆን የለበትም። የእኔ ላፕቶፕ እዚሁ ከተማችን ካለው ታይዋን ገበያ ያገለገለ የገዛሁት ነው። በግንቦት ሙቀት ማራገቢያው ሌላ ነገር ስከፍት ይጮኻል፣ በዌስኖት ግን ዝም ይላል።

ካርታው በባለስድስት ጎን ቤቶች የተከፋፈለ ነው። በተራችሁ ወታደሮቻችሁን ሁሉ ታንቀሳቅሳላችሁ፣ ትዋጋላችሁ፣ ከዚያ ተራውን ለሌላው ትለቃላችሁ። በመደበኛው ጨዋታ ዋናዎቹ ወገኖች ስድስት ናቸው። ሎያሊስቶች የንጉሡ ሰዎች ናቸው። ሪቤሎች ጫካ ወዳዶቹ ኤልፎችና አጋሮቻቸው ናቸው። ኖርዘርነሮች ጭራቅ መሰሎቹ ኦርኮች፣ አንዴዶች ሙታኑ፣ ክናልጋኖች አጫጭሮቹ ድዋርፎችና ሽፍቶቹ፣ ድሬኮች ደግሞ የሚበርሩትና እሳት የሚተፉት ናቸው። መሪያችሁ ምሽግ ላይ ቆሞ በወርቅ ወታደር ይቀጥራል። አዲሱ ወታደር በተቀጠረበት ተራ አይንቀሳቀስም። ይህን ልብ በሉ። ዛሬ የቀጠራችሁት ከነገ በፊት አይደርስላችሁም፤ ጠላት ደጃፋችሁ ሲደርስ መቅጠር መጀመር ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ እግሩ እንሂድ።

እያንዳንዱ ወታደር በአንድ ተራ የሚያወጣው የእርምጃ ነጥብ አለው። የሎያሊስቶቹ ባለጦር እግረኛ 5 አለው። ፈረሰኛው 8። የኤልፎቹ ቃፊር 9። ብረት ለብሶ የሚሄደው ከባድ እግረኛ 4 ብቻ። ነጥቡ ግን የሚበላው በርቀት ብቻ አይደለም፣ በመሬቱ ነው። ለባለጦሩ የሣር ሜዳ ቤት 1 ነጥብ ያስከፍላል። ጫካና ኮረብታ 2። ተራራ 3። ጥልቀት የሌለው ውሃም 3። ለፈረሰኛው ሒሳቡ ሌላ ነው። ሜዳ ላይ 1 ይከፍላል፣ ጫካ ሲገባ 3፣ ተራራ ላይ ጭራሽ አይወጣም።

ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ሜዳ ላይ ስምንት ቤት የሚጋልብ ፈረሰኛ ጫካ ውስጥ ሁለት ቤት ሄዶ ይቆማል። አምስት ነጥብ ያለው እግረኛም ጫካ ውስጥ ሁለት ቤት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጫካ ውስጥ ፈረስና እግር እኩል ናቸው። ለፈረሱ የከፈላችሁት ተጨማሪ ወርቅ እዚያ ቀረ። ኤልፉ ግን በዚያው ጫካ ለአንድ ቤት 1 ብቻ ከፍሎ ያልፋል። አንድ ካርታ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ወገን የሚራመድበት ካርታ የየራሱ ነው። ይህን የተረዳችሁ ቀን ጌሙ ይከፈትላችኋል።

ይህ ነገር ለድሬ ሰው አዲስ አይደለም። ከዚህ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ቀላል ነበር። እኛ ግን 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ መሃል ላይ ደግሞ ከሁለቱም ከፍ ብሎ ደንገጎ አለ። የተጫነ አይሱዙ ጠመዝማዛውን ሲወጣ ኪሎ ሜትሩን አይደለም የምቆጥረው፣ ሰዓቱን ነው። ከተማችን ራሷ በዚሁ ሒሳብ የተወለደች ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ተራራው ከለከለ። ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ፣ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ገባ፣ ድሬዳዋም በዚያ ምክንያት ቆመች። መሬት የሚያስከፍለውን ዋጋ ያላሰበ ካርታ ለእኔ ካርታ አይደለም። የዌስኖት ካርታ ያስባል።

መሬቱ ሲያስከፍል ብቻ አይደለም፣ ሲያስጠጋም አለ። ሲመቷችሁ የመሳት ዕድሉን በአብዛኛው የሚወስነው ጋሻችሁ ሳይሆን የቆማችሁበት ቤት ነው። ባለጦሩ ሣር ላይ ሲቆም መከላከያው 40 በመቶ ነው። ከመቶ ምት ስልሳው ያርፍበታል ማለት ነው። ጫካ ውስጥ 50 ይሆናል። መንደር ወይም ምሽግ ውስጥ 60። ውሃ ውስጥ ቆሞ ከተያዘ 20 ብቻ። በተቃራኒው የባሕር ሰዎቹ ውሃ ውስጥ 60 ናቸው፣ ደረቅ መሬት ላይ ሲወጡ ግን ወደ 30 ይወርዳሉ። ወንዝ ዳር ከነሱ ጋር ከገጠማችሁ የምትታገሉት ማን ከማን መሬት ይወጣል በሚለው ላይ ነው። አንድ ቤት ወደ ፊት ወይም አንድ ቤት ወደ ኋላ ሁሉንም ይለውጣል። ሰይፉ ያው ነው፣ እጁም ያው ነው።

ለዚህ ነው በዚህ ጌም ጥሩ ተጫዋች ሲንቀሳቀስ የሚዘገየው። ጠላት አጠገብ ከመድረሱ በፊት ባለው ተራ ላይ ነው ዋናው ሥራ። እኔ የት ልቁም ብቻ ሳይሆን እሱን የት ላስቁመው? ጫካውን እኔ ከያዝኩ እሱ ፊት ለፊቱ ያለው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው የሚመታኝ። ኮረብታውን ለሱ ከተውኩለት ግን ቁልቁል ያየኛል። ስለዚህ አንዳንዴ ወደ ፊት የመሄድ ነጥብ እያላችሁ አለመሄድ ነው ትክክሉ።

ቀጥሎ የቁጥጥር ክልል አለ። ከጌሙ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ደንቡ አጭር ነው። እያንዳንዱ ወታደር በዙሪያው ያሉትን ስድስት ቤቶች ይቆጣጠራል። ጠላት ከነዚያ በአንዱ ሲገባ እርምጃው እዚያው ያልቃል። ስድስት ነጥብ ቢቀረውም ዜሮ ይሆናል። በሚቀጥለው ተራ መንቀሳቀስ ይችላል፤ ግን የሚገባበት ቤት ደግሞ በቁጥጥር ስር ከሆነ አንድ ቤት ሄዶ እንደገና ይቆማል።

ይህ ደንብ ባይኖር ጌሙ ሩጫ ይሆን ነበር። ፈጣን ያለው ሁሉ በመሃል ሾልኮ መሪያችሁን ከቦ ይጨርስ ነበር። ደንቡ ስላለ ግን መስመር የሚባል ነገር አለ። መስመር ለመሥራት ደግሞ ወታደሮችን ትከሻ ለትከሻ መደርደር የለባችሁም። በሁለቱ መካከል ሁለት ባዶ ቤት ተዉ። አንዱ ባዶ ቤት በግራኛው፣ ሌላው በቀኙ ወታደር ቁጥጥር ስር ይሆናል። ሲያዩት ክፍት በር ነው። ጠላት ግን በአንድ ተራ አያልፍበትም። በዚህ አሠራር ሦስት ወታደር ሰባት ቤት ስፋት ይዘጋል። ወርቅ ላነሰው ተጫዋች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን የተማረው በእኔ መስመር ላይ ነው። ሁለታችን በአንድ ላፕቶፕ ተራ እየተቀባበልን እንጫወታለን፣ ጌሙ ይፈቅዳል። እሱ ሁልጊዜ ኦርኮቹን ይመርጣል። ስምንት ነጥብ ያላቸውን ተኩላ ጋላቢዎች ይወዳል፣ ፍጥነታቸውን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዚራ ሰፈር በሙቀት ጭር ባለበት ሰዓት፣ ፍሪላንድስ የሚባለው ካርታ ላይ ገጠምን። እኔ ሎያሊስት ነበርኩ። የቆሰለ ቀስተኛ ከመስመሩ ኋላ መንደር ውስጥ አስገብቼ አስቀምጫለሁ። እሱ ደግሞ ያቺን ቀስተኛ አይቷል። ተኩላውን በሁለት ባለጦሮቼ መሃል አስገባው። ቆመ።

«አቦ! ባዶ ቦታ እኮ ነው» አለኝ።

«ባዶ አይደለም። ሁለቱም ይጠብቁታል።»

«ስምንት እርምጃ አለኝ እኮ።»

«ነበረህ» አልኩት።

ተራው የእኔ ሆነ። አንዱን ባለጦር ባለበት ተውኩት። ሌላውን ከተኩላው ማዶ፣ ፊት ለፊቱ አቆምኩት። ይህም ደንቡ የሚሰጣችሁ ነገር ነው። አንድን ጠላት በሁለት ተቃራኒ ጎኖቹ ከያዛችሁት የቀሩት አራት ቤቶች በሙሉ በአንዱ ወይም በሌላው ቁጥጥር ስር ይወድቃሉ። ቢወጣም አንድ ቤት ብቻ ነው የሚወጣው። ለመክበብ ስድስት ሰው አያስፈልግም፣ ሁለት በቂ ነው። ተኩላው ከዚያ አልወጣም።

ልጁ ተናደደ፣ ከዚያ ተማረ። በሌላ ጨዋታ እሱም መስመር ሠራ። ርካሾቹን ጎብሊኖች ነው የደረደረው፣ 9 ወርቅ ብቻ ስለሆኑ። እኔ ፈረሰኛዬን በመሃላቸው አሳልፌ ከኋላ ያለውን መንደር ያዝኩበት። ጎብሊን ሌቭሉ፣ ማለት ደረጃው፣ ዜሮ ነው፤ ሌቭል ዜሮ የሆነ ወታደር የቁጥጥር ክልል የለውም። «ይሄ ደግሞ የት ነው የተጻፈው?» አለኝ። እርዳታ ገጹን ከፍቼ አሳየሁት። አነበበው። አሁን መስመር ሲያቆም የኦርኮቹን እግረኞች፣ ግራንቶቹን፣ ከፊት፣ ጎብሊኖቹን ከኋላ ያደርጋል። በጥቂት ደንብ ይህን ያህል የሚያሳስብ ጌም ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ለእናቱም ነግሬያታለሁ።

ደንቡን የሚጥሱም አሉ። የሎያሊስቶቹ ፌንሰር ቀጭን ሰይፍ ይዞ የቁጥጥር ክልልን ሳይቆጥር በመሃል ይሾልካል። ደካማ ነው፣ ቶሎ ይሞታል። ግን መንገድ የሚዘጋባቸውን ሁሉ የሚያልፍ አንድ ሰው መኖሩ ጠላትን ከኋላው እንዲፈራ ያደርገዋል። የኤልፎቹ ሻማን ደግሞ በሥር ጠልፋ የጠላትን እርምጃና ምት በግማሽ ትቀንሳለች። ራሷ ማንንም ብዙም አትጎዳም። ሰው ስለዚህ ይንቃታል። እኔ ግን ከኤልፎች ጋር ስጫወት መጀመሪያ ከምቀጥራቸው አንዷ እሷ ናት። የሚሸሸውን የምታስቀር እሷ ናት፣ የሚያሳድደውንም።

ቀንና ሌሊት። አንድ ሙሉ ቀን ስድስት ተራ ነው፦ ንጋት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት፣ ከዚያ ሁለት የሌሊት ተራ። ሎያሊስቶቹ አብዛኞቹ የቀን ሰዎች ናቸው። በጠዋቱና በከሰዓቱ ምታቸው 25 በመቶ ይጨምራል፣ በሌሊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ኦርኮቹ የሌሊት ናቸው፣ የእነሱ ተቃራኒ ነው። በቁጥር ላሳያችሁ። ባለጦሩ አንድ ምቱ 7 ነው። ቀን 9 ይሆናል፣ ሌሊት 5። የኦርኩ ግራንት ምት 9 ነው። ሌሊት 11፣ ቀን 7። እነዚህ ሁለቱ እኩለ ቀን ላይ ሲገናኙና እኩለ ሌሊት ላይ ሲገናኙ ፍጹም የተለያየ ጦርነት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መድረስ ብቻ አይደለም፣ መቼ መድረስ ነው። ጠላት አሥር ቤት ርቆ ሜዳ ላይ ካለ፣ እናንተ አምስት እርምጃ ካላችሁ፣ ዛሬ ከሰዓት ብትነሱ የምትደርሱት ሊመሽ ሲል ነው። ለኦርክ ራት ሆናችሁ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ ሌሊቱን ወደ ኋላ ሳቡት። ይምጣ። ሁለቱን የሌሊት ተራ እየተከተላችሁ ይድከም፣ ሲነጋ እናንተ መንደርና ኮረብታ ላይ ናችሁ፣ እሱ ሜዳ ላይ ነው። ማታ የተጫነ መኪና ስመድብም የማስበው ይህንኑ ነው፦ ደንገጎን በስንት ሰዓት ይይዘዋል፣ ጉም ሳይወርድ ነው ወይስ ከወረደ በኋላ?

ማፈግፈግ እዚህ ጌም ላይ ነውር አይደለም። ይህን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። የቆሰለ ወታደር መንደር ውስጥ ሲያድር በየተራው 8 ነጥብ ሕይወት ይመለስለታል፣ መርዝ ካለበትም ይጸዳለታል። ሳይንቀሳቀስና ሳይዋጋ ያረፈ ደግሞ ተጨማሪ 2 ያገኛል። ስለዚህ የተመታውን ወደ ኋላ፣ ያረፈውን ወደ ፊት ማዞር ትችላላችሁ። ግን ለዚህ ባዶ ቤት መተው አለባችሁ። በራሳችሁ ሰው ላይ ማለፍ ይቻላል፣ መቆም ግን አይቻልም፤ ከመስመሩ ኋላ ያሉ ቤቶችን ከሞላችኋቸው የሚወጣው ማረፊያ ያጣል። መንደሮቹ ደግሞ ወርቅ ያስገባሉ፤ የወርቁን ጉዳይ ግን እዚህ አልገባበትም፣ ጌሙ በደንብ ያስረዳል።

አሠራሩ ላይ የወደድኩትን ልናገር። ወታደር ስትመርጡ መድረስ የሚችልባቸው ቤቶች ይበራሉ፣ የማይደርስባቸው ይደበዝዛሉ። ጠቋሚውን አንድ ቤት ላይ ስታደርጉ በዚያ ቤት ያለው መከላከያ በመቶኛ ይጻፍላችኋል። ሩቅ ከሆነ በስንት ተራ እንደሚደርስ ይነግራችኋል። መንገዱ በእግር ዱካ ይሰመራል። ኤን የምትለዋን ቁልፍ ስትጫኑ ገና ያልተንቀሳቀሰውን ቀጣይ ወታደር ያመጣላችኋል። ብዙ ሰው ሲኖራችሁ ይህ ትልቅ እረፍት ነው፣ የተረሳ ሰው አይኖርም። ዩ የምትለዋ እርምጃን ትመልሳለች። ያልደረሳችሁበትን ካርታ በሚሸፍነው ጭጋግ ውስጥ አዲስ ነገር ካያችሁ ወይም ከተዋጋችሁ ግን አትመልስም፣ ትክክልም ነው። ከሁሉ የምወዳት ኮንትሮልና ቪ አብራችሁ ስትጫኑ የሚመጣው ነው። ጠላት በሚቀጥለው ተራ ሊደርስባቸው የሚችላቸውን ቤቶች በሙሉ ያሳያችኋል። ኮንትሮልና ቢ ደግሞ የእናንተ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የት ድረስ ይመጣ እንደነበር ያሳያል። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ስታዩ መስመራችሁ ምን እንደዘጋ በግልጽ ይታያችኋል። ፒ የምትለዋን ቁልፍ ከተጫናችሁ ደግሞ እቅድ ማውጫው ይከፈታል። ሰዎቹን ሳታንቀሳቅሱ የት እንደሚሄዱ በጥላ አስቀምጣችሁ አይታችሁ፣ ካመናችሁበት ታስፈጽማላችሁ። በሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የማልወደውም አለ።

ሩቅ ቦታ ጠቁማችሁ ስትልኩት ሰውየው የሚሄድበትን መንገድ የሚመርጥላችሁ ጌሙ ነው። የሚያሰላው በእርምጃ ነጥብ ነው፣ የቁጥጥር ክልልንም ይቆጥራል። ግን መሃል መንገድ ላይ መሽቶበት ሜዳ ላይ ቢያድር ግድ የለውም። ጫካው አንድ ቤት ወደ ጎን ነበር። የሚያስብለት ሰው የለም። ስለዚህ ጦርነት ካለበት አቅጣጫ ረጅም ጉዞ አታዙ፣ በየተራው ራሳችሁ አስቁሙት። ከኋላ ለሚመጣ አዲስ ምልምል ብቻ ነው ረጅሙን የምትጠቀሙበት።

የኮምፒውተሩ ተጫዋች ጀግና ነው፣ ግን አይጠብቅም። ፈጣኑ ቀድሞ ይመጣል፣ ቀርፋፋው ኋላ ይከተላል፣ አንድ በአንድ መስመራችሁ ላይ ይደርሱና አንድ በአንድ ይሞታሉ። ሁሉን ሰብስቦ አንድ ላይ የመድረስ ነገር የለውም። ሌሊትም ቀንም ያጠቃል። ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። ጦር ማንቀሳቀስ ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ግን ከሰው ጋር መጫወት አለበት። ሰው ያፈገፍጋል፣ ሰው ይጠብቃል፣ ሰው ያታልላል።

ዕድሉ ብዙ ሰው ያማርራል። 60 በመቶ መከላከያ ያለው ወታደር አራት ምት ተከታትሎ ሊያርፍበት ይችላል። ሒሳቡ ከመቶ ሁለት ከግማሽ አካባቢ ነው፤ ትንሽ ቢመስልም በረጅም ጨዋታ ይመጣል። እኔ በዚህ ከጌሙ ጋር ነኝ። ምቱ በዕጣ ነው፣ እርምጃው ግን በዕጣ አይደለም። ስንት ዕጣ እንደሚወጣ፣ በየትኛው መሬት ላይ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ያንን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። አንድ ምት ላይ ሁሉን ነገር የሚያስይዝ ሰው አረማመዱ ላይ ነው ችግሩ።

የመጨረሻ ቅሬታዬ መሬቱ አለመለወጡ ነው። ውጊያው በተከታታይ በሚተረክባቸው አንዳንድ ታሪኮች ውስጥ ካርታው ሊቀየር ይችላል፣ በመደበኛው ጨዋታ ግን ወንዙ ሁሌም ወንዝ፣ አሸዋውም ሁሌም አሸዋ ነው። እኛ የከተማችንን ወንዝ ደቻቱን እናውቃለን። በበጋ ሰው በአሸዋው ላይ ይሻገራል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ጎርፉ ያደረገውን ደግሞ ማንም የድሬ ሰው አይረሳም። ወንዝ እንዲህ ነው። ዝናብ መጥቶ መሻገሪያውን የሚዘጋበት፣ መስመራችሁን ለሁለት የሚከፍልበት ደንብ ቢኖር ጌሙ ምን ያህል ይጠልቅ ነበር! ቀንና ሌሊትን እንዲህ አድርጎ ያሰበ ጌም ክረምትንም ሊያስብ ይገባው ነበር።

ማነው የሚጫወተው? የሚቸኩል ሰው ይለፈው። አንድ ጨዋታ ከሰዓቱን በሙሉ ሊወስድ ይችላል። እንግሊዝኛ ማንበብ ያስፈልጋል፣ ግን ከባድ አይደለም፤ አብሯችሁ አንድ የሚያነብ ካለ ይበቃል። መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ። በየተራው መጀመሪያ ጌሙ ራሱ ያስቀምጣል፣ ሲመለስ ከዚያው ትቀጥላላችሁ። እኛ ሰፈር ይህ ብቻውን ጌሙን ያስመርጣል።

ስትጀምሩ መለማመጃውን አትዝለሉት። ከዚያ ኤ ቴል ኦፍ ቱ ብራዘርስ የሚባለውን አጭር ታሪክ ተጫወቱ፣ አራት ውጊያ ብቻ ነው። ቀጥሎ ዘ ሳውዝ ጋርድ። እዚያ መሪያችሁ ፈረሰኛ ስለሆነ መሬትን ማንበብ ግድ ይላችኋል፣ ጫካ ውስጥ ይዛችሁት ከገባችሁ ያስቸግራችኋል። በታሪኮቹ ውስጥ የተረፈው ወታደር ወደ ቀጣዩ ውጊያ ይሻገራል፣ በ20 ወርቅ መልሳችሁ ትጠሩታላችሁ። ስለዚህ ሰዎቻችሁን ለመቆጠብ ከመጀመሪያው ልመዱ። ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ኮንትሮልና ቪን ተጫኑ። ጠላት የሚደርስበትን እዩ፣ ከዚያ አንድ ሰው ብቻ አንስታችሁ አስቀምጡና እንደገና ተጫኑት። የበራው ቦታ ሲጠብ ታያላችሁ። ሁለተኛውን ሰው የት እንደምታቆሙት ከዚያ በኋላ ግልጽ ነው።